ማረሻዎቹን ማን ሰነጠቃቸው

በማኅበሩ የቃለ ጉባኤ መዝገብ ላይ ስለ እኔ የተጻፈ ውሸት አለ። «የአባላችን አያት ሥራ ላይ ተቀምጠው ብረቱን ስለሚመለከቱት ማረሻዎቹ ተሰንጥቀዋል። ከዛሬ ጀምሮ ወደ ሼዱ እንዳይገቡ ተወስኗል» ይላል። ከሥሩ የአራት ወንዶች ፊርማ አለ። «ቡዳ» የሚለውን ቃል አልጻፉትም። መጻፍም አላስፈለጋቸውም። የቀጥቃጭ ልጅና የቀጥቃጭ ሚስት መሆኔን በሰፈራችን የማያውቅ ስለሌለ፣ ያንን መስመር ያነበበ ሁሉ የጎደለውን ቃል ራሱ ይሞላዋል።

በደሉ ይኸ ነው።

ለራሴ ቢሆን ዝም ባልኩ። እኔ ለምጄዋለሁ። ልጅ ሆኜ ጊንጪ አጠገብ ስንኖር ሰዉ አባቴ የሠራውን ማጭድ ይገዛ ነበር፤ ውሃ ሲጠማው ግን የእኛን ጣሳ አይነካም። ቱምቱ ይሉናል፤ በኦሮምኛ ቀጥቃጭ ማለት ነው። ቃሉ ክፋት የለበትም። እኔን የሚያመኝ የነበረው ቃሉን ብለው ሲያበቁ የሚያዩኝ አስተያየት ነው። እናቶች እኔ ሳልፍ የሕፃናቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍኑ ነበር። ከጊዜ በኋላ ነገሩ እየቀነሰ መጣ፤ ባሌን ቀብሬ አምቦ ብቻዬን ስቀር ጎረቤቶቼ ቤቴ ገብተው በልተዋል፣ ጠጥተዋል። አበቃ ብዬ ነበር።

የልጅ ልጄ ግን ገና ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ያ መስመር መዝገብ ውስጥ ከቆየ እኔ ስሞት አብሮኝ አይቀበርም፤ ለእሷ ይተርፋታል። ነገ ሽማግሌ የሚልክባት ቤተሰብ ይሰማዋል፣ ቀጥሮ የሚያሠራት ሰው ይሰማዋል። ስለዚህ እስከ መጨረሻው ሄድኩበት።

ነገሩ የተጀመረው እሷ በሠራችው ማሽን ነው። ኮሌጅ ኤሌክትሪክ ተምራ ስትጨርስ ከአራት ወንዶች ጋር በብረታ ብረት ሥራ ተደራጅታ ሼድ ተሰጣቸው። ሊቀመንበሩ ከአርባ ዓመት በላይ የሆነው፣ እጁ ለብየዳ የተፈጠረ ሰው ነው። እናቱ ጎረቤቴ ነበረች፤ ልጅ ሆኖ ስንት ቀን ከእኔ ቤት ምሳ በልቷል። እኔ ኦቦ፣ ማለትም አቶ፣ ሊቀመንበር እያልኩ አሾፍበታለሁ፤ እሱ አዴ ይለኛል፣ እናቴ እንደ ማለት ነው።

ኮሮናው ባለፈ በሁለተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ ልጅቷ ስልኳን ይዛ መጣችና አንድ ነገር አሳየችኝ። የተጠቀለለ የመዳብ ቱቦ አለ፤ መሀሉ ላይ ብሎን ይገባል፤ ብሎኑ ይቀላል። ከሰል የለ፣ ወናፍ የለ።

«አኮ፣ እሳት የለውም» አለችኝ። አያቷን በኦሮምኛ ነው የምትጠራኝ።

«እሳት ከሌለው ብረቱን ማን አጋለው?»

«ራሱ ነው የሚግለው። መብራቱ በመዳቡ ውስጥ በጣም በፍጥነት ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ፣ መሀል ያለው ብረት ከውስጡ ይግላል።»

«እንደ እኔ ንዴት በይኛ።»

«ልክ እንደ አንቺ። ብቻ ይኼኛው ማጥፊያ አለው።»

ሠላሳ ዓመት ያህል ለባሌ ወናፍ የነፋሁ ሴት ነኝ። ጭሱ ሳንባዬ ውስጥ እስካሁን አለ። ስለዚህ ሥሪው አልኳት። ወንዶቹ ሳቁባት። እሷ የተቃጠሉ የብየዳ ማሽኖችን ሆድ ዕቃ እየፈታች ትራንዚስተሩንና ሌላውን ጥቃቅን ነገር ለቀመች። መዳቡን ፍሪጅ ከሚጠግን ሰው አገኘች። ቱቦውን ልትጠቀልለው ስትሞክር ግን መታጠፊያው ላይ እየተጨፈለቀ ሁለት ጊዜ ተበላሸባት። ቁጭ ብላ ልታለቅስ ስትል ደረቅ አሸዋ በወንፊት ነፋሁላትና ቱቦውን ጢም አድርገን ሞላነው። ጫፍና ጫፉን በእንጨት ደፍነን በወፍራም የውሃ ቧንቧ ላይ ጠቀለልነው። ሰባት ዙር፣ አንድም ሳይጨፈለቅ! ሊቀመንበሩ ሊያይ መጥቶ አንገቱን ነቀነቀ። «ይኼንንም ኮሌጅ አስተማሩሽ?» አላት። «ይኼንን የወናፍ ኮሌጅ ነው ያስተማረኝ» አልኩት እኔ።

መዳቡ ራሱ እንዳይቀልጥ በውስጡ ከባልዲ ቀዝቃዛ ውሃ በትንሽ ፓምፕ ይዞራል። ትራንዚስተሮቹ መጀመሪያ እንደ ፈንዲሻ ነበር የሚፈነዱት። በተሞከረ ቁጥር ጧ! ይላል፣ ይሸታል፣ የጎረቤት ሬዲዮ ይንጫጫል። በአራተኛው ሙከራ ብሎኑን ጨመረች፣ አበራች፤ እኔ እንደ ልማዴ ልጠብቅ ስመቻች ብሎኑ ቀልቶ አገኘሁት። እስቲ አስቡት። እኛ ለዚያ ስንት ከሰል ስናነድ ኖረናል።

ማጋል ግን የሥራው ግማሽ ነው። ብረት የሚጠነክረው በትክክለኛው ሰዓት ወጥቶ ሲነከር ነው። ፈጥኖ ከወጣ ለስላሳ ይቀራል፤ ከዘገየ ይሰባበራል። ልጅቷ ማግኔት ታስጠጋለች፤ ብረቱ በቂ ሲግል ማግኔት አይስበውም አለችኝ። እኔ ቀለሙን ነው የማየው። ተፎካከርን። እኔ «አሁን!» ስል እሷ ማግኔቷን ታስጠጋለች፤ ማግኔቱ አይያዝም። አሥር ጊዜ ሞከርን፣ አሥሩም እንዲሁ ሆነ። ከዚያ በኋላ ማግኔቱን ኪሷ ከተተችው።

በዚህ ዓይነት ሥራ ጀመርን። እኔ ከማሽኑ ሁለት እርምጃ ርቄ ዱካ ላይ እቀመጣለሁ። እኔ «አሁን» ስል እሷ በጉጠት አውጥታ ለሊቀመንበሩ ትሰጠዋለች። እሱ ይዞት በጓሮ በር ይወጣና በርሜል ውስጥ ያለ የተቃጠለ ዘይት ውስጥ ይነክረዋል። በርሜሉ ጓሮ የሆነው ጭሱ እንዳያፍነን ነው። እኛ ካለንበት አይታይም።

ዝናቡ ከመግባቱ በፊት የደንዲ ገበሬዎች የማረሻ ሥራ ሰጡን። ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ እየተቆረጠ፣ እየተቀጠቀጠ፣ ጫፉ ብቻ በማሽኑ የሚጠነክር ማረሻ ነው። መጀመሪያ የወሰዱት ጥሩ ሆኖላቸው ሌላም አዘዙ። አንድ ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ሠራን። ዓርብ ጠዋት ልጅቷ አንድ በአንድ በመዶሻ መታ መታ ስታደርጋቸው አይጮኹም። ደህና ማረሻ ሲመታ ይዘምራል፤ እነዚህ ግን እንደተሰነጠቀ ሸክላ ዱብ ዱብ ይላሉ። ወደ ብርሃን አውጥታ ስታያቸው በሁሉም ጫፍ ላይ ፀጉር የምታክል መስመር አለች። የሐሙስ ሥራ በሙሉ ሄደ።

ወዲያው ስብሰባ ተጠራ። እኔ አልነበርኩም፤ ልጅቷ ናት የነገረችኝ። ማሽኑ ይሆናል ተባለ። እሷ ማሽኑ ያው ያለፈው ሳምንት ማሽን ነው አለች። ብረቱ ይሆናል ተባለ። ብረቱም ያው ነው። ያን ጊዜ ሊቀመንበሩ አቀርቅሮ፣ «እንግዲህ የቀረን አንድ ነገር ነው። አዴ ናቸው ቀኑን ሙሉ ዓይናቸውን ተክለው የሚያዩት» አለ።

ከዚያ በኋላ ማንም ስለ ብረት አላወራም።

«እኛ እንዲህ ባለ ነገር አናምንም» አለ ጴንጤው አባል። «ግን ለማንኛውም እንጸልይበት።»

«ጸበል ይረጭበት ነው የምለው» አለ ኦርቶዶክሱ።

«ጸሎቱም ይሁን፣ ጸበሉም ይሁን» አለ ሦስተኛው። «ብቻ አሮጊቷ አትግባ።»

ሁለቱ እምነቶች እንደዚያን ቀን ተስማምተው አያውቁም። ሊቀመንበሩ ጻፈ፣ አራቱ ፈረሙ። ልጅቷ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ጥላ ወጣች።

ቤት እንደገባች «ማሽኑን ነቅዬ እወጣለሁ» አለችኝ።

«አትወጪም። አንቺ ከወጣሽ የጻፉት እውነት ይመስላል።»

«እና ምን ላድርግ? ሳይወዱ በግድ አንቺን ያስገቡልኝ?»

«አንቺ ሥራሽን ሥሪ። የእኔን እኔ አውቃለሁ።»

ሰኞ ጠዋት ዱካዬን ይዤ ሄድኩና ከሼዱ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ተቀመጥኩ። ከረፋዱ ላይ ሊቀመንበሩ መጣ።

«አዴ፣ ፀሐይ ላይ ምን ያስቀምጥዎታል? ማሎ፣ እባክዎ ቤትዎ ቢገቡ።»

«ውሳኔው ወደ ሼዱ አትግባ ነው የሚለው፣ ኦቦ ሊቀመንበር። መንገዱንም በቃለ ጉባኤ ወስዳችሁታል?»

ጥግ ላይ የቆሙት ባለባጃጆች ሳቁ። እሱ አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ።

እንዲህ ብዬ ብናገርም፣ እውነቱን ለመናገር በውስጤ ፈርቼ ነበር። ሰው አንድን ነገር ደጋግሞ ሲነግርህ ከኖረ በመጨረሻ ራስህን ትጠይቃለህ። በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ቤቴ ተቀምጬ እጄን እያየሁ፣ እውነት ብሆንስ ብዬ አሰብኩ። ሰባ ዓመት አልፎኝ! በዚያን ቀን ነው በእውነት የተናደድኩት። ልጅቷን ከተሰነጠቁት ማረሻዎች አንዱን አምጪልኝ አልኳት።

በፀሐይ አገላብጬ አየሁት። በዘይት የተነከረ ብረት ጥቁርና ወዛም ነው። ይኼኛው ደረቅ ነው፤ ስንጥቁ ውስጥ ደግሞ ነጭ ነገር አለ፣ ማንቆርቆሪያ ታች የሚጋገረውን የመሰለ። ላስኩት።

«አኮ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«ቅመሺው።»

«አልቀምስም!»

«ቅመሺው አልኩሽ።»

ቀመሰችው። ፊቷ ተለወጠ። አምቦ ተወልዶ ያንን ጣዕም የማያውቅ የለም። ከመሬት እየፈላ የሚወጣው ውሃችን ነው። ልጅቷ ጥቂት አሰበችና ሐሙስ ዕለት ከጓሮ የሚመጣ የዘይት ጭስ ሽታ እንዳልነበር ትዝ አላት። ነፋሱ አቅጣጫ የቀየረ መስሏት ነበር።

ከመንገዱ ማዶ ሆኜ ሊቀመንበሩን አስጠራሁት። ሌሎቹም ተከትለውት ወጡ።

«በርሜሉ ውስጥ ምን ነበር ሐሙስ?»

«ያው... ዘይቱ አልቆ ነበር። የፍል ውሃውን በጀሪካን አመጣሁ። ምን አለበት አዴ? የአምቦ ውሃ ለጨጓራ መድኃኒት ነው፣ ለቆዳ መድኃኒት ነው፣ ከየአገሩ ሰው እየመጣ ይታጠብበታል። ለብረትም ይበልጥ ያጠነክረዋል እንጂ...»

«ብረት ጨጓራ የለውም።»

አንዳቸው ሳቀ፤ እሱ ግን ውሃ ብረት አይሰነጥቅም ብሎ ድርቅ አለ። በውሃ የሚነክር ቀጥቃጭ ስንት አለ አለ። እሱስ አለ፤ ባሌም አንዳንዱን ብረት የወንዝ ውሃ ውስጥ ነክሯል። በፍል ውሃው ግን አንድ ቀንም አልነከረም፤ ባሌስትራም ከሆነ ዘይት ነበር የሚፈልገው። ያ ውሃ ጨው አለው፣ አረፋ አለው። አረፋው የተጣበቀበት ቦታ ትኩስ ይቆያል፤ ጎኑ ያለው ቦታ በአንዴ ይቀዘቅዛል። አንዱ ሲኮማተር ሌላው እንቢ ይላል፤ ብረቱ በራሱ ላይ ይጓተታል፣ ይሰነጠቃል። ይህንን ነገርኳቸው። ማመን ግን አልፈለጉም። በእኔ ዓይን ማሳበብ ይቀላቸው ነበር።

«ጥሩ» አልኩ። «ከአንድ ባሌስትራ ስድስት ቁራጭ ቁረጡ። ሦስቱን ዘይት፣ ሦስቱን ፍል ውሃ ውስጥ ንከሩ። የሚነክረው ሊቀመንበሩ ይሁን፣ ኋላ የልጅቷ እጅ ነው እንዳትሉ። እኔ ያን ቀን አምቦ አልሆንም።»

«የት ይሆናሉ?» አለ ጴንጤው።

«እንጭኒ፣ እህቴ ጋ። ዓይኔ እስከዚያ ድረስ ይዘልቃል ካላችሁ ደግሞ እናንተው ወስናችሁ ራቅ ያለ አገር ምረጡልኝ።»

ቅዳሜ ሆለታ ላይ መኪና ቀይሬ እንጭኒ ገባሁ። ከእህቴ ጋር ገበያ ወጣን። ልቤ ግን ከሽንኩርቱም ከድንቹም ላይ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለ። መጀመሪያ የመጣው የጴንጤው ድምፅ ነው፤ እህቴን እንዳቀርብለት ጠየቀኝ።

«እውነት እዚያ ናቸው?»

«የት ይሁኑልህ?» አለችው እህቴ። እሷ ከእኔ ትብሳለች። «ፎቶ አንስቼ ልላክልህ?»

«ካላስቸገርኩ...»

የምሩን ነበር፤ ፎቶው ተላከ። እኔ በአንድ እጄ ጎመን ይዤ፣ ግንባሬን ቋጥሬ። ከዚያ ልጅቷ ስልኩን ተቀበለችውና ጆሮዬ ላይ ጮኸች።

«አኮ! ሁለቱ የፍል ውሃዎቹ ገና ሲገቡ ጠቅ! አሉ። ሦስተኛው ግን ምንም አልሆነም።»

«የዘይቶቹስ?»

«ሦስቱም ይዘምራሉ።»

«ሦስተኛውን እስከ ጠዋት ተይው።»

ጠዋት ሦስተኛውም ተሰንጥቆ አገኙት።

ስመለስ ከመንገዱ ማዶ አልተቀመጥኩም። አራቱ በር ላይ ወጥተው ተቀበሉኝ። መዝገቡ ተከፍቶ ጠበቀኝ፤ «የቀድሞው ውሳኔ ተሽሯል» የሚል ተጽፎበታል። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት፤ በመሠረተ ትምህርት የተማርኳት ፊደል ለዚህ ትበቃለች። «ለምን እንደተሻረ የለበትም» አልኩ። ኦርቶዶክሱ «አዴ፣ ያው ይታወቃል እኮ» አለኝ። «ስትከሱኝ ምክንያት ጽፋችኋል። ስትተዉኝም ጻፉ።» ጻፉ። ማረሻዎቹ የተሰነጠቁት በፍል ውሃ በመነከራቸው መሆኑ በሙከራ ተረጋገጠ፣ የአባላችን አያት ጥፋት የለባቸውም ይላል። አራቱ ፈረሙ፤ ልጅቷም በዚህኛው ላይ ፈረመች። አሮጌው መስመር ግን ከላዩ አለ። መዝገብ አይፋቅም።

ለሁሉም ሰው ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ። የተሰነጠቁት በሌላ ባሌስትራ ተተክተው ተሠሩ፤ የደንዲ ሰዎች በሰዓቱ ወሰዱ። እኔም ዱካዬ ላይ ተመልሼ «አሁን» እላለሁ። ልጅቷ ይበቃሻል አኮ፣ አሸንፈሻል አለችኝ።

እኔ ግን አንድ ጥያቄ ቀርቶኝ ነበር። የሦስቱን አውቀዋለሁ፤ ፈርተው ነው። ፍርሃት ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነገር ነው፤ የልጇን ፊት የምትሸፍነውን እናት አልጠላትም፤ ልጇን እያዳነች ይመስላታል። ሊቀመንበሩ ግን ከቤቴ የበላ ልጅ ነው። የተናገረውም እሱ ነው፣ የጻፈውም እሱ ነው። ስለዚህ ጠየቅኩት። «ስትጽፈው አምነህበት ነበር?»

የመጀመሪያ ጊዜ፣ «ያለፈ ነገር ነው አዴ፣ ይተዉት» አለኝ። ሁለተኛ ጊዜ ሰይጣን አሳስቶን ነው አለ። «ሰይጣን አልፈረመም» አልኩት። ሌላ ቀን ሳይጠራ ቤቴ መጥቶ የዘመመውን የግቢዬን በር በየደልኝ። አመሰገንኩት፣ ሻይ አጠጣሁት፣ ሲወጣ እዚያው በሩ ላይ ያንኑ ጠየቅኩት። ብርጭቆ የሰበረ ልጅ ይመስል መሬት መሬት እያየ ሄደ። ልጅቷ ሰውየውን ልትገይው ነው ወይ አለችኝ። መግደል አልፈለግኩም። ማወቅ ነው የፈለግኩት። ካመነበት፣ ያመነበትን ነው የሠራው፤ ይቅር እለዋለሁ። ካላመነበት ግን ሌላ ነገር ነው። ሌላው ነገር ምን እንደሆነ ገና አላወቅኩም ነበር።

ክረምቱ መሀል ላይ አንድ ቀን እኩለ ቀን ገደማ መብራት ሄደ። ሌሎቹ ምሳ ወጡ። ልጅቷ የመብራት ነገር ልትጠይቅ ሄደች። ማሽኑ ዝም ብሏል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። እኔና እሱ ብቻ ቀረን። ዛሬ አልጠይቀውም ብዬ ነበር፤ ደክሞኛል። እሱ ግን ጉጠቱን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየና፣ ሳያየኝ፣ «አልጠየቁኝም ዛሬ» አለ።

«ጠይቄሃለሁ። መልሱ ነው የቀረው።»

ጉጠቱን አስቀመጠ።

«አላመንኩበትም» አለኝ። «አንድ ቀንም አምኜበት አላውቅም። ዘይቱ አላለቀም ነበር አዴ። በርሜሉን እኔ ነኝ በክርኔ ገፍቼ የደፋሁት። ሊቀመንበር ሆኜ ይስቁብኛል ብዬ ዝም አልኩና ውሃውን በባጃጅ አመጣሁ። ማረሻዎቹ ሲሰነጠቁ በስብሰባው ላይ ስለ ማሽኑ ጠየቁ፣ ስለ ብረቱ ጠየቁ፤ ቀጥሎ ስለ በርሜሉ ሊጠይቁ ነበር። እርስዎን ካነሳሁ ግን ከዚያ በኋላ ማንም ምንም እንደማይጠይቅ አውቅ ነበር።»